«ሦስት ጊዜ ሄዳ አልሄድም አለች»፦ ለአንዲት እናት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የ16 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ካለፈው ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ጠባይዋ ተለውጧል። ውጤቷ ወርዷል፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ክፍሏን ዘግታ ትተኛለች፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ የላትም። በሆነው ባልሆነው ትቆጣለች፤ ወዲያው ደግሞ ታለቅሳለች። የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ወሰድናት። ሦስት ጊዜ ሄዳ ‹ዝም ብሎ ያዳምጠኛል እንጂ ምንም አይነግረኝም› ብላ አቆመች። እኛም ምን እንደተነጋገሩ ብንጠይቀው ‹የእሷ ምስጢር ነው› አለን። ባለቤቴ የዕድሜ ጉዳይ ስለሆነ ያልፋል ይላል። እኔ መድኃኒት ይሻላት እንደሆነ አስባለሁ፤ ግን ሱስ እንዳይሆንባት እፈራለሁ። አንድ ቀን ተናድዳ ‹ባትወልጂኝ ይሻል ነበር› ብላኛለች። አስገድጄ ልመልሳት ወይስ ልተዋት? የጎደለባት ነገር እኮ የለም።»

«ባትወልጂኝ ይሻል ነበር» ከሚለው ቃሏ እጀምራለሁ። እርስዎ በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገውት አልፈዋል፤ የቀረው ሁሉ ቢቆይ ግን ይህ አይቆይም። የንዴት ቃል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም እንደዚያ ነው። ይሁን እንጂ ለወራት እንቅልፍ ያጣች፣ ከሰው የሸሸችና የምታለቅስ ልጅ ስትናገረው በግምት አይታለፍም፤ መጠየቅ አለባት። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት ራስን ማጥፋት ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው።

ወላጆች ይህን ጥያቄ የሚሸሹት «ያላሰበችውን አሳስባታለሁ» ብለው ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን መሠረት የለውም። በ2005 (ዓመታቱን የምጠቅሰው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው) አሜሪካ ውስጥ ከ2,300 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያሳተፈ ጥናት ይህንኑ ፈትሿል። ስለ ራስን ማጥፋት የተጠየቁት ተማሪዎች ካልተጠየቁት ይልቅ አልተረበሹም፤ ሐሳቡም አልበረታባቸውም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ይጠይቋት። በጭቅጭቅ መሐል አይሁን፤ ታናናሾቿም ሆኑ አባቷ በሌሉበት፣ ፊት ለፊት ተፋጥጦ ሳይሆን ጎን ለጎን ተቀምጦ ይሁን። ቃሉ ቀጥተኛ መሆን አለበት፦ «ሰው በጣም ሲከብደው አንዳንዴ መሞትን ያስባል። አንቺስ እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል?» ከዚያ ዝም ይበሉ። «እንዲህ ያለ ነገር አታስቢም አይደል?» ብሎ መጠየቅ ግን መልሱን በአፏ እንደማጉረስ ነው፤ «አዎ፣ አላስብም» ከማለት ሌላ ምርጫ አይተውላትም።

መልሷ «አዎ» ከሆነ አይደንግጡ፣ አይቆጡ፣ ኃጢአት ነው ብለው አይገሥጹ። ስለ ነገረችዎ ያመስግኗትና እንዴትና መቼ እንደሆነ አስባበት እንደሆነ ይጠይቋት። ሐሳቧ ዕቅድ ካለው፣ ቀድሞ ሞክራ ከነበረ ወይም ከዚህ በኋላ ራሷን እንደምትጠብቅ ማረጋገጥ ካልቻለች፣ ብቻዋን ሳይተዋት በዚያው ዕለት ድንገተኛ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ይውሰዷት። መልሷ ምንም ይሁን ምን፣ በቤት ያሉ መድኃኒቶችና ሌሎች አደገኛ ነገሮች ከዛሬ ጀምሮ እጇ በማይደርስበት ይቆለፉ። እንዲህ ያለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ እንደ ማዕበል በርትቶ የሚያልፍ ስለሆነ፣ በዚያች አስቸጋሪ ሰዓት መጉጃ ነገር በአቅራቢያ አለመኖሩ ብቻውን ሕይወት ያተርፋል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ ልምጣ። «የዕድሜ ጉዳይ ነው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ስላለበት ነው የሚያታልለው። በጉርምስና ዕድሜ ስሜት ይዋዥቃል፣ ልጅ ከቤተሰብ ይልቅ ወደ ጓደኞቹ ያዘነብላል፣ የእንቅልፍ ሰዓትም በተፈጥሮ ወደ ሌሊቱ ይገፋል። ነገር ግን ጤነኛ ጉርምስና ልጁን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ይወስደዋል፤ ከእናቱ ሸሽቶ ወደ ጓደኞቹ ይሄዳል፣ ሒሳብ ሰልችቶት ኳስ ይወዳል። የእርስዎ ልጅ የሸሸችው ከሁሉም ነው። ትምህርቷም፣ እንቅልፏም፣ ቤተሰቧም በአንድ ጊዜ ተነክተዋል፤ ይህም ለሳምንት ሳይሆን ለወራት ዘልቋል። አንድን የስሜት ችግር ድባቴ (በእንግሊዝኛ ዲፕሬሽን) ብሎ ለመሰየም የሚጠየቀው ዝቅተኛ ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። ደግሞም በዚህ ዕድሜ ድባቴ ሁልጊዜ የሐዘን መልክ ይዞ አይመጣም። በአዋቂ ላይ የምናየው ትካዜ በልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ቁጣና መነጫነጭ ሆኖ ይታያል፤ የሕመሙ መመዘኛም ለልጆችና ለወጣቶች ይህን ይቀበላል። ቤተሰቡ «ባለጌ ሆነች» እያለ ሲከራከር ልጅቷ ታማ ትከርማለች።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ እኔ ልጅዎን አላየኋትም፤ ድባቴ ነው ብዬም አልፈርድም። ጭንቀት፣ ከሐዘን ያልወጣ ልብ፣ በትምህርት ቤት የሚደርስ ማስፈራራትና ማግለል፣ ያልተነገረ ጥቃት፣ ከአደንዛዥ ነገሮች ጋር መነካካት፣ ሌላው ቀርቶ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር ተመሳሳይ መልክ ሊኖራቸው ይችላል። አልፎ አልፎም የሌላ የአእምሮ ሕመም መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ያለ ምክንያት ሰውን በብርቱ መጠራጠር፣ ወይም ሳይተኙ ለቀናት በተጋነነ ደስታና ጉልበት መክረም ከታየ ጉዳዩ በቀጥታ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም መሄድ አለበት። ስለዚህ ከየትኛውም ሕክምና በፊት የተሟላ ምርመራ ይቅደም፤ የአካል ምርመራና የደም ምርመራም ጭምር። «ካለፈው ዓመት ማብቂያ ጀምሮ» ማለትዎም ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። በዚያን ጊዜ ምን ሆነ? ትምህርት ቤት ቀየረች? ከጓደኛዋ ተጣላች? ሰው ሞተባት? ስልኳ ላይ አንድ ነገር ተሠራጨባት? እርስዎ ባያውቁትም ጥያቄው ለባለሙያው መድረስ አለበት።

እስኪያልፍ ይጠበቅ ቢባል እንኳ መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል። በሕይወት ዘመን ከሚከሰቱ የአእምሮ ጤና ችግሮች ግማሽ ያህሉ እስከ 14 ዓመት፣ ሦስት አራተኛው እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ እንደሚጀምሩ በ2005 የታተመ ሰፊ ጥናት አሳይቷል። ድባቴ ያለ ሕክምናም አንዳንዴ ይለቃል፤ ግን ሲለቅ የተበላሸውን የትምህርት ዓመትና የተበጠሰውን ጓደኝነት አይመልስም፤ ደግሞ የመመለስ ጠባይ አለው።

«የጎደለባት ነገር የለም» ያሉት ወቀሳ ለመከላከል እንደሆነ ይሰማኛል። ማንም አልከሰስዎትም። ድባቴ የጎደለና የሞላ ተቆጥሮ የሚመጣ ሒሳብ አይደለም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለ፤ ከጉርምስና በኋላ በሴቶች ልጆች ላይ ከወንዶቹ በእጥፍ ያህል ይበዛል፤ ስሜትን የሚያቀጣጥለው የአእምሮ ክፍል ቀድሞ ሲበረታ፣ ልጓም የሚይዘው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይቆያል። በዚህ ላይ አንድ የሚያቆስል አጋጣሚ ሲታከልበት ሕመሙ ይነሣል። ስልኩ ብቻውን አላሳመማትም፤ ሌሊት እንቅልፏን ከነጠቃት ግን ያባብስባታል። ለእሷ «ምን ጎደለብሽ?» ብሎ መጠየቅ የሚያስተምራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምክንያት ከሌለኝ መታመም አልተፈቀደልኝም ማለትን። ይህችን ጥያቄ ከቤትዎ ያስወጧት።

«ዝም ብሎ ያዳምጠኛል እንጂ ምንም አይነግረኝም» የሚለው የልጅዎ ቅሬታ ደግሞ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ስሕተት ነው፣ ሌላው እውነት ሊሆን ይችላል። ስሕተቱ የሥነ ልቦና ሕክምናን እንደ ምክር መቁጠሩ ነው። «በርቺ፣ አትጨነቂ፣ ጸልዪ፣ ስፖርት ሥሪ» የሚላት ሰው አላጣችም፤ ከዚያ ሌላ የሚሰጥ ሰው ነው የሚያስፈልጋት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀጠሮዎችም በአብዛኛው የማወቂያ ጊዜ ናቸው፤ ባለሙያው ይጠይቃል፣ ይሰማል፣ ይመዝናል። እውነት ሊሆን የሚችለው ግን ይህ ነው፦ ሦስት ጊዜ ተገናኝተው እስካሁን ምን እንደተረዳ፣ ችግሩን ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ወዴት እንደሚሄዱና በስንት ጊዜ እንደሚደርሱ ካልነገራት፣ ቅሬታዋ ትክክል ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ዝምታን እንደ ፍርድ ይተረጉመዋል። ለአዋቂ የሚሠራው ረጅም ዝምታ የ16 ዓመት ልጅን ያሸሻል፤ ይህን የማያውቅ ባለሙያ ደግሞ ጥቂት አይደለም።

ደህና የሆነ ሥራ ከቅርብ ሲታይ ምን እንደሚመስል ላሳይዎት። አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ መልእክት ላከች እንበል። ጓደኛዋ አየችው፤ አልመለሰችም። ልጅቷ ስልኩን ወርውራ ተኛች፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት ቀረች። ባለሙያው «ጓደኛሽማ ትወድሻለች» አይላትም። ወረቀት አውጥቶ መልእክቱ የተላከበትን ጊዜ፣ በዚያች ቅጽበት በልቧ ያለፈውን ዓረፍተ ነገር በራሷ ቃል እንድትጽፍ ያደርጋታል። «ሰልችቻታለሁ» ብላ ትጽፋለች። ምን ያህል ታምኚዋለሽ? ከመቶ ዘጠና። ያኔ ምን ተሰማሽ? ምን አደረግሽ? መቅረትሽስ ምን አመጣ? ልጅቷ ቀስ በቀስ ሰንሰለቱን ታየዋለች፦ ሐሳቡ ስሜትን አመጣ፣ ስሜቱ መቅረትን፣ መቅረቱ ደግሞ ጓደኛዋን ከማግኘት ከለከላትና ሐሳቡ እውነት መሰለ። ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር ሳይሆን ሙከራ ነው። «ነገ አግኝተሽ አንድ ተራ ነገር ጠይቂያት፤ ምን ትመልሳለች ብለሽ ትገምቻለሽ? ግምትሽን አሁን ጻፊው፤ የሆነውን ደግሞ ሳምንት ታመጪልኛለሽ።» ጓደኛዋ በእርግጥ ሰልችታት ቢሆንስ? ያም ይሆናል፤ ያኔ ሥራው ወደዚያ ጉዳት ይዞራል። ልጅቷ ግን በሁለቱም መንገድ ከአልጋ ተነሥታለች።

ይህ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና የሚባለው፣ በተለምዶ ሲ.ቢ.ቲ. የሚሉት ነው። መነሻው በ1960ዎቹ አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ የጀመረው ሥራ ነው። በየሳምንቱ 50 ደቂቃ ያህል፣ በአብዛኛው ከ12 እስከ 16 ቀጠሮ የሚወስድ፣ የቤት ሥራ ያለው ሕክምና ነው። ድባቴው ከብዶ ልጅ ማሰብ እስኪያቅተው ሲደርስ ደግሞ ሐሳቡን ትቶ በድርጊት ይጀመራል፦ ፊት ታጥቦ ልብስ መቀየር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ መራመድ፣ አንድ የቀድሞ ጓደኛ ጋር መደወል፤ ከእያንዳንዱ በፊትና በኋላ ለስሜት ከአሥር ነጥብ መስጠት። «ደስ ሲለኝ እነሣለሁ» የሚለው ቅደም ተከተል በዚህ ሕመም ውስጥ አይሠራም፤ መጀመሪያ መነሣት ይመጣል፣ ደስታው ዘግይቶ ይከተላል።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። የችግሩ ሥር በግንኙነት ላይ ከሆነ፣ ማለትም ጠብ፣ መለያየት፣ ሐዘን ወይም ወደ አዲስ የሕይወት ምዕራፍ መሻገር ከሆነ፣ በግንኙነት ላይ የሚያተኩረው ሕክምና በወጣቶች ላይ ተፈትኖ ጠቃሚነቱ ታይቷል። ራሷን የምትጎዳና ስሜቷ በደቂቃ ውስጥ ከጫፍ ጫፍ የሚወረወር ከሆነ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊነሃን የቀረጸችው፣ ለወጣቶችም የተዘጋጀለት ዲ.ቢ.ቲ. የሚባለው ሕክምና ይመረጣል፤ እሱ ስሜትን ተቋቁሞ የማለፍ ክህሎትን በተግባር ያስተምራል፣ ወላጆችንም አብሮ ያሠለጥናል። ቤቱ ራሱ የጠብ ሜዳ ከሆነ ደግሞ የቤተሰብ ሕክምና አለ።

የትኛው ይሻላል ብለው ብዙ አይጨነቁ። በ2017 በእንግሊዝ 465 ድባቴ ያለባቸው ልጆችን ያሳተፈ ጥናት ሦስት በጣም የተለያዩ የንግግር ሕክምናዎችን አወዳድሮ አንዱን ከሌላው የሚያስበልጥ ልዩነት አላገኘም። ከስያሜው ይልቅ ሚዛን የሚደፋው ሕክምናው ዕቅድ ያለው መሆኑ፣ ልጅቷ ባለሙያውን ማመኗና ሳታቋርጥ መሄዷ ነው። አንድ ባለሙያ የሚሠራበትን ዘዴ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊያስረዳዎት ካልቻለ፣ ወይም በሁለት ቀጠሮ ሙሉ ፈውስ ቃል ከገባልዎት፣ ሌላ ይፈልጉ። በቪዲዮ የሕይወት ምክር የሚሰጡ ሰዎች ደግሞ ሌላ ሙያ ላይ ናቸው፤ ሕክምና አድርገው አይቁጠሯቸው።

ስለ ምስጢር ያነሡት ቅሬታ ላይ ከባለሙያው ጎን እቆማለሁ፣ ግን በከፊል። ልጅዎ የተናገረችው ሁሉ ማታ እራት ላይ እንደሚነሣ ካወቀች አትናገርም፤ ካልተናገረች ሕክምና የለም። ይሁን እንጂ ምስጢር ድንበር አለው። ራሷን የማጥፋት ወይም በብርቱ የመጉዳት አደጋ፣ ሌላ ሰውን የመጉዳት አደጋ፣ ወይም በእሷ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ካለ ባለሙያው ዝም ማለት የለበትም፤ ይህንንም ገና በመጀመሪያው ቀን እሷም እናንተም ባላችሁበት ማስረዳት ነበረበት። ከዚህ ውጭ እርስዎ ንግግሯን የማወቅ መብት ባይኖርዎትም፣ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ዕቅዱ ምን እንደሆነ፣ ትሻሻል እንደሆነና እናንተ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ግን ማወቅ አለባችሁ። «የእሷ ምስጢር ነው» ብሎ በሩን መዝጋት ሥራውን በግማሽ መተው ነው። 16 ዓመት የሞላት ልጅ የምትኖረው ከእናንተ ጋር ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የምትከርመው ከእናንተ ጋር ሆና በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ከባለሙያው ጋር ነች። ጥያቄውን የጻፈው ዕድሜው ከ18 ያለፈ ልጅ ያለው ወላጅ ቢሆን ኖሮ መልሴ ጠንከር ይል ነበር፦ ያለ ወጣቱ ፈቃድ ምንም አይነገርም፤ ወላጅ ማድረግ የሚችለው ያየውንና ያሳሰበውን ለባለሙያው መናገር ብቻ ነው፤ መስማት ሳይሆን ማሰማት።

ላስገድዳት ወይስ ልተዋት ላሉት ምላሼ ሁለቱንም አይደለም የሚል ነው። ማስገደድ አካሏን ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ አፏን አይከፍተውም። ዝም ብሎ መተው ደግሞ ከዚህ ሁኔታ አንጻር አደገኛ ነው። ማድረግ ያለብዎት ይህ ነው። በዚህ ሳምንት እርስዎና ባለቤትዎ ብቻ ከባለሙያው ጋር ቀጠሮ ይያዙ። ያየኸው ምንድን ነው፣ ስም ያለው ነገር ነው ወይ፣ በምን ዘዴ ትሠራለህ፣ በስንት ቀጠሮ ምን እንጠብቅ፣ መሻሻሏን በምን ትለካለህ ብለው ይጠይቁት። በመጠይቅ የሚለካ ከሆነ ደስ ይበልዎት፤ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ የሚሞላ አጭር መጠይቅ «ደህና ነሽ?» ከሚለው ጥያቄ እጅግ የታመነ ነው። አጥጋቢ መልስ ካልሰጠ ባለሙያ ይቀይሩ፤ መቀየር ነውር አይደለም፣ ለልጅዎም ምርጫ እንዳላት ያሳያታል። ሴት ባለሙያ ትመርጥ እንደሆነም ይጠይቋት። ከዚያ ለእሷ የሚያቀርቡላት ውል ይኑር፦ «ስድስት ጊዜ ሂጂ። ያልተመቸሽን ለራሱ ንገሪው፣ እሱን መንገርም የሕክምናው አካል ነው። ከስድስቱ በኋላ አብረን ተቀምጠን ለውጥ መኖሩን እናያለን፤ ከሌለ ሌላ እንፈልጋለን እንጂ አልጨቀጭቅሽም።» እንቢ ካለች እናንተ ሁለታችሁ መሄድ አታቋርጡ። በ2020 የታተመ ጥናት የጭንቀት ሕመም ያለባቸው ከ7 እስከ 14 ዓመት ልጆች ወላጆች ብቻ ሠልጥነው ልጆቹ ያገኙት ለውጥ፣ ልጆቹ ራሳቸው በሲ.ቢ.ቲ. ሲታከሙ ከሚያገኙት የማያንስ ሆኖ ተገኝቷል። የእርስዎ ልጅ ዕድሜዋም ችግሯም ከዚያ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ወላጅ ሲለወጥ ቤት ውስጥ የሚለወጠው ነገር ግን እውን ነው።

እስከዚያው በቤት የሚሠራ ሥራ አለ። ውጤቷን አሁን አያንሡባት። ስልኩ ሌሊት ከክፍሏ ይውጣ፤ የእናንተም ጭምር ከእሷ ስልክ ጋር ይቀመጥ፣ አለዚያ ቅጣት ይመስላታል። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ ከትምህርት ቤት መልስ የምትተኛው ረጅም እንቅልፍ የሌሊቱን ስለሚበላው ቀስ በቀስ ይጠር። በቀን አንድ ጊዜ ችግሯ የማይነሣበት አሥር ደቂቃ ከእሷ ጋር ያሳልፉ። ሲከፋት ለመፍታት ከመሮጥ ይልቅ «ከብዶሻል፤ አያለሁ» ማለት ይበቃል። ለአባቷ ደግሞ አንድ ነገር፦ «ያልፋል» የሚለው ቃል እሷ ጆሮ ሲደርስ «አላመንኩሽም» ሆኖ ነው የሚሰማው።

መድኃኒትን በሚመለከት፣ ለድባቴ የሚታዘዙት እንደ ፍሉኦክሴቲን ያሉ መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም፤ መጠን እያሳደገ የሚሄድ ጉጉት አይፈጥሩም። በድንገት ሲቋረጡ ግን ማዞር፣ መረበሽና የእንቅልፍ መዛባት ሊያመጡ ስለሚችሉ የሚቆሙት በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እየተባለ ነው። እውነተኛው ጥንቃቄ ሌላ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2004 በእነዚህ መድኃኒቶች ማሸጊያ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አዟል፤ በሙከራዎቹ ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱ ልጆችና ወጣቶች 4 በመቶ ያህሉ፣ የማስመሰያ እንክብል (መድኃኒት የሌለበት) ከወሰዱት ደግሞ 2 በመቶ ያህሉ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ድርጊት ታይቶባቸው ነበር። በእነዚያ ሙከራዎች ውስጥ ሕይወቱን ያጠፋ ልጅ አልነበረም። ማስጠንቀቂያው መድኃኒቱ አይሰጥ ማለት አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መጠን በሚቀየርበት ጊዜ የቅርብ ክትትል ይኑር ማለት ነው።

መቼ ያስፈልጋል? ቀለል ላለ ድባቴ በመድኃኒት አይጀመርም። መካከለኛና ከባድ በሆነው ላይ ግን በ2004 ውጤቱ የታተመው፣ ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 439 ልጆችን ያሳተፈ ጥናት ብዙ ያስተምራል። በ12 ሳምንት ውስጥ ፍሉኦክሴቲንና ሲ.ቢ.ቲ. አብረው ከተሰጣቸው 71 በመቶ፣ ፍሉኦክሴቲን ብቻ ከወሰዱት 61 በመቶ ያህሉ፣ ሲ.ቢ.ቲ. ብቻ ካገኙት 43 በመቶ፣ የማስመሰያ እንክብል ከወሰዱት 35 በመቶ ያህሉ ጉልህ መሻሻል አሳይተዋል። ንግግሩ ብቻ በሦስት ወር ደካማ መሰለ። በ36ኛው ሳምንት ግን ሲ.ቢ.ቲ. ብቻ ያገኙትም መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ጋር ተስተካክለው ሁለቱም 81 በመቶ ደርሰዋል። ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው፦ ሕመሙ ከባድ ከሆነ ሁለቱን ማጣመር ጊዜ ይቆጥባል፤ የንግግር ሕክምና ብቻውን ሲሆን ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ውሳኔው የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው፤ የጎረቤት ልጅ የዳነበትን እንክብል ወስዶ መስጠት በፍጹም አይሞከርም።

መሻሻሉ ሲመጣ ቀጥ ባለ መስመር አይመጣም። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመለሰው እንቅልፍና ቁጣዋን የመቆጣጠር አቅም ነው፤ ትምህርት ዘግይቶ ይከተላል፤ ደስታ ደግሞ ከሁሉም ኋላ። ጥሩ ሁለት ሳምንት ታይቶ ሦስተኛው ሲበላሽ «ከንቱ ነው» ብለው አያቋርጡ። ከስድስት እስከ ስምንት ቀጠሮ ያህል በአግባቡ ሄዳ በመጠይቁም በኑሮዋም ምንም ለውጥ ካልታየ ግን መጠበቁ ይብቃ፤ ምርመራው እንደገና ይታይ፣ ዘዴው ይቀየር ወይም መድኃኒት ይታከል። ከዳነችም በኋላ ለጥቂት ወራት ቀጠሮው እየራቀ ይቀጥል፤ የመጀመሪያዎቹ የማገርሸት ምልክቶች ምን እንደሚመስሉ፣ ሲታዩም ለማን እንደምትደውል በወረቀት ጽፋ ትያዝ። ያን ወረቀት የምታስቀምጥበትን ቦታ እሷው ትምረጥ።